ስምንት ኪሎ ድንጋይና አንድ ፋኖስ፦ ሰብሳቢ ገንዘቡን ምን ላይ ነው ሚያወጣው?

ይሄን ጉዳይ ምፅፈው ቤተሰቡን አስፈቅጄ ነው። ስም አልጠራም፣ ሰፈሩ ሳቢያን ነው፣ ድሬዳዋ፣ እሱ ይበቃል። እኔ አሮጌ እቃ ገዝቼ ምሸጥ ሰው ነኝ፣ ጠገራ ብር፣ የሀረር ስፌት፣ የብር አምባር፣ የድሮ ካሜራና ሬድዮ ምናምን፣ እና በዚ ስራ ላይ ሁሌ ሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ ሰብሳቢ ሚባሉት፣ ብርቅ እቃ እየገዙ ሚያስቀምጡት ሰዎች፣ ለአንድ ድንጋይ ወይ ለአንድ ስዕል ሚሊዮን ዶላር ሚያወጡት ምን አይተው ነው? ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ችግሩ እኛ ጋ ቀድሞ ሚመልሰው ደላላ ነው፣ የሱ መልስ ደግሞ ስንት ቤት አራቁቷል። ስለዚ አንዱን ጉዳይ ከስር ከመሰረቱ ላስቀምጠው።

ድንጋዩ ስምንት ኪሎ ይመዝናል። ጥቁር ነው፣ ባንድ በኩል እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ በሌላ በኩል ጥቃቅን ቀዳዳ ሞልቶታል፣ ለመጠኑ ይከብዳል፣ ማግኔት ስታስጠጋ አንዱ ጎኑ ይይዛል። ከዘመናት ጀምሮ ግቢ ውስጥ ነበር፣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። የቤቱ ትልቅ ልጅ ግን ስልኩ ላይ የኒጀሩን ድንጋይ ዜና አየ፣ ፎቶውን ከነሱ ድንጋይ ጋር አስተያየ፣ ለጓደኛው አሳየ፣ ጓደኛው ለሌላ አሳየ፣ በሳምንቱ ቤታቸው ሁለት ደላላ ቁጭ ብሎ ጫት ይቅማል። አንደኛው የስፒከር ማግኔት ይዞ ነው የመጣው፣ ድንጋዩ ላይ ለጠፈውና "አቦ ይሄ ኦሪጅናል ነው፣ ከሰማይ ነው" አለ። ጂቡቲ ላይ ገዢ አለ፣ ገዢው ዱባይ ያስረክባል፣ ዋጋው በግራም ነው፣ ግን መጀመሪያ መመርመሪያ ማሽን መከራየት አለበት፣ የማሽኑን ኪራይ የድንጋዩ ባለቤት ይችላል። ልጁ የእቁብ ብሩን ሰጣቸው። ሁለተኛ ደግሞ ጠየቁት። ሁለተኛውን ሊበደር ሲዞር ነው እኔ ጋ የመጣው።

የኒጀሩ ነገር ውሸት አይደለም፣ እሱን ላስረዳ። በፈረንጆቹ 2023 መጨረሻ ላይ (ከዚ በኋላ ምጠራው አመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ኒጀር ውስጥ፣ አጋዴዝ በረሃ፣ 24.67 ኪሎ ሚመዝን ከማርስ የመጣ ድንጋይ ተገኘ፣ መዝገብ ላይ ኤን ደብሊው ኤ 16788 ይባላል። ጁላይ 2025 ኒውዮርክ ሶዝቢስ ጨረታ ቤት ቀረበና ከነኮሚሽኑ ወደ 5.3 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በግራም ስታካፍለው 215 ዶላር አካባቢ ነው፣ የዛን ሰሞን የወርቅ ዋጋ እጥፍ ማለት ነው። ልጁ ያደረገው ሂሳብ ይሄን 215 በስምንት ሺ ግራም ማባዛት ነው። የትኛውም ልጅ ያባዛል፣ እኔም እሱ ቦታ ብሆን አባዛለሁ፣ ማንም ያላስረዳው ነገር ግን ያ ገንዘብ ለክብደት የተከፈለ አለመሆኑን ነው።

እስቲ ዋጋው ምን ውስጥ እንዳለ እንየው። እስካሁን ተመርምረው ስም የተሰጣቸው ሜትዮራይቶች፣ ማለትም ከሰማይ የወደቁ ድንጋዮች፣ ከ70,000 በላይ ናቸው፣ ከነሱ ከማርስ መሆናቸው የታወቀው 400 አካባቢ ብቻ ነው። የኒጀሩ ደግሞ ከነዛ ሁሉ ትልቁ ነው፣ ከሱ የሚቀጥለው ማሊ የተገኘው 14.5 ኪሎ ነው። ከማርስ መሆኑ በምን ታወቀ ካልክ፣ በ1976 ቫይኪንግ ሚባሉት መንኮራኩሮች ማርስ ላይ አርፈው አየሩን ለክተውት ነበር፣ በኋላ አንታርክቲካ የተገኘ አንድ ድንጋይ ውስጥ ታፍኖ የቀረ ጋዝ ሲለካ ከዛ ልኬት ጋር ገጠመ፣ ይሄ በ1983 ታተመ። ከዛ ወዲህ አዲስ ድንጋይ ሲመጣ ማእድኑና የኬሚካል ይዘቱ ከነዛ ጋር ይመሳከራል። ላብራቶሪ ነው ሚወስነው፣ ሜትዮራይት የሚመዘግበው አለም አቀፍ ማህበር ደግሞ 20 ግራም ወይም የድንጋዩን 20 ፐርሰንት፣ ከሁለቱ ያነሰውን፣ ለጥናት ተቋም ካላስቀመጥክ ስም አይሰጥህም። ሰብሳቢው የከፈለው ለዚ ሁሉ ወረቀት ነው፣ ድንጋዩ ከወረቀቱ ጋር ነው ሚሄደው።

ወረቀት የሌለው ተራ ሜትዮራይት፣ እውነተኛው እንኳን፣ በግራም አንድ ዶላር አካባቢ ወይ ከዛ በታች ነው። በ2020 ኢንዶኔዥያ ሱማትራ ላይ የአንድ ሰው ጣሪያ በስቶ የገባ ድንጋይ ነበር፣ ሁለት ኪሎ ገደማ፣ አለም ሁሉ "1.8 ሚሊዮን ዶላር አገኘ" ብሎ አወራ፣ ሰውየው እጅ የገባው ግን 14,000 ዶላር አካባቢ ነበር። ያም ጥሩ ብር ነው፣ ሲወድቅ የታየ፣ ጣሪያ የበሳ፣ አይነቱም ብርቅ ስለሆነ። ያወራነው ቁጥርና የተከፈለው ቁጥር ግን በጭራሽ አይገናኙም፣ ደላላ ሁሌ ሚያወራህ የመጀመሪያውን ነው።

ወደ ቤቱ ልመለስ። ደላሎቹ አንድ ነገር በደንብ ያውቃሉ፣ ታሪክ ዋጋ እንደሚጨምር። ልጁን "ከየት መጣ ካሉህ ጉርሱም ነው በል" ብለውታል። ጉርሱም ላይ ሜትዮራይት ወድቋል፣ እውነት ነው፣ በፈረንጆቹ 1981፣ ክብደቱ 34 ኪሎ ተኩል አካባቢ፣ በአለም መዝገብ ላይ ጉርሱም ተብሎ በስሙ ተፅፏል፣ ከሀረር ወጣ ብለህ ነው። ሲወድቅ የታየ ድንጋይ ከበረሃ ተለቅሞ ከመጣው ይበልጣል፣ ቀኑ ይታወቃል፣ ቦታው ይታወቃል። እና ድንጋዩ ላይ የሌላ ድንጋይ ታሪክ ሊያለብሱት ነው። ይሄ በጣም ያናደደኝ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ነገ እውነተኛ የጉርሱም ቁራጭ ያለው አንድ ገበሬ ቢመጣ ማንም አያምነውም፣ ስሙን አስቀድመው አበላሽተውበታል።

ድንጋዩን አሸዋ ላይ አስቀምጠን አየነው። መጀመሪያ የማግኔቱን ጨዋታ አስቆምኩት። ማግኔት መያዙ ብቻውን ምንም አይነግርህም፣ ማግኔታይት ሚባለው ተራ የብረት ድንጋይም ይይዛል፣ የፋብሪካ ቆሻሻም ይይዛል፣ ደግሞ ድንጋዩ እውነተኛ ሆኖ ቢገኝ ጠንካራ ማግኔት ውስጡ ያለውን በሚሊዮንና ቢሊዮን አመት የቆየ የማግኔት አሻራ ያጠፋዋል። ከማርስ በመጣው ኤን ደብሊው ኤ 7034 ሚባለው ላይ ተመራማሪዎች ይሄን አግኝተዋል፣ ነጋዴዎቹ ማግኔት እየለጠፉበት አሻራውን አበላሽተውታል። ከዛ ቀዳዳዎቹን አየን። ሜትዮራይት ከላይ በጣት ቂጣ ሊጥ ስትጫን እንደሚቀረው አይነት ስርጉድ ስርጉድ ይኖረዋል እንጂ የአረፋ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ አይኖረውም። የዚ ድንጋይ አንዱ ጥግ ድሮ የተሰበረ ነው፣ ስብራቱ ውስጥ ጠልቆ ክብ ክብ አረፋ ይታያል፣ አንዳንዱ አረፋ ውስጡ ሰማያዊ አረንጓዴ ያብረቀርቃል። የቀለጠ ነገር ውስጥ አየር ታፍኖ ሲቀዘቅዝ ነው እንዲ ሚሆነው።

ጂኦሎጂ የሚያስተምር ወዳጅ ስላለኝ ልጁን ይዤው ሄድኩ። በእጅ ሚያዝ መለኪያ ነበረው፣ ሽጉጥ የሚመስል፣ ኤክስሬይ ይተኩስና ውስጡ ያሉትን ንጥረ ነገሮች ይፅፍልሃል። ብረት አለ፣ ሲሊከን አለ፣ ካልሲየም በጣም አለ፣ ኒኬል የለም። ከሰማይ የመጣ ብረት ያለ ኒኬል አይመጣም፣ የብረት ሜትዮራይት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ፐርሰንት በላይ ነው። ወዳጄ ገና የመጀመሪያውን ቁጥር ሲያይ ነው የገባው፣ ግን ልጁ ፊት ላይ እንዳይወረውረው ብሎ አራት ቦታ ላይ ለካለት፣ አራቱም አንድ ነው። ይሄ የብረት ማቅለጫ እድፍ ነው አለው፣ ብረት ሲቀልጥ ከላይ ሚንሳፈፈው ቆሻሻ።

ልጁ መንገድ ላይ አንድ ቃል አልተናገረም። ባጃጅ ውስጥ ድንጋዩን ጉልበቱ ላይ አቅፎ ነበር።

ቤት ስንገባ እናትየው ቡና አቅርበዋል። ነገሩን ስንነግራቸው ጀበናውን አስቀመጡና፣ "ልጄ፣ ይሄ እኮ አባታችሁ ከሽመንደፈር ያመጣው ነው፣ የማቅለጫው ነው፣ ድሮ የዶሮ ቤቱን በር የምንደግፍበት" አሉ። ታዲያ ለምን አልነገርሽንም ሲሏቸው "የጠየቀኝ ማን አለ" አሉ። እውነታቸውን ነው። ደላሎቹ ስንት ቀን እዛ ቤት ሲቅሙ ድንጋዩን ሲያገላብጡ አንድም ሰው ወደሳቸው ዞሮ "እማማ ይሄ ከየት መጣ?" አላለም። እኔ እቃ ልገዛ ቤት ስገባ መጀመሪያ ምፈልገው የቤቱን አሮጊት ነው፣ እቃውን የማየው ከሳቸው በኋላ ነው።

ሽመንደፈር ለማያውቅ፣ የባቡር ድርጅቱ ነው፣ ባቡሩ ከጂቡቲ ድሬዳዋ የደረሰው በፈረንጆቹ 1902 ነው፣ አዲስ አበባ የገባው 1917። ከተማችን የተቆረቆረችው በዛ ሀዲድ ነው፣ ወርክሾፑም እዚው ነበር፣ ስንት አባወራ እዛ ሰርቶ ልጅ አሳድጓል። አባትየውም እዛ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፣ አሁን በህይወት የሉም።

እዚ ጋ ሰብሳቢ ሚባለውን ሰው በደንብ ልግለፀው፣ የዚ ጉዳይ ሁለተኛ ግማሽ ካለዛ አይገባም። ስዕል ላይ ያለው ነገር ድንጋይ ላይ ካለው አንድ ነው። ሃን ቫን ሜገረን የሚባል የኔዘርላንድስ ሰአሊ ነበር፣ በ1937 አንድ ስዕል የታላቁ የድሮ ሰአሊ የቨርሜር ነው ተብሎ ለሮተርዳም ሙዚየም በ520,000 ጊልደር ተሸጠ፣ ባለሙያዎቹ ከቨርሜር ስራዎች ሁሉ ይሄ ይበልጣል ብለው ፃፉለት። ከጦርነቱ በኋላ ሰውየው ለናዚ ባለስልጣን ቅርስ ሸጠሃል ተብሎ ሲታሰር ስዕሎቹን ራሴ ነኝ የሳልኳቸው አለ፣ ሊያሳያቸው ጠባቂ ተመድቦለት አንድ ሌላ ሳለ። ሸራው ያው ነው፣ ቀለሙ ያው ነው፣ ትላንት ያስለቀሳቸው ያው ፊት ነው፣ ዋጋው ግን ባንዴ ወደቀ። የተቀየረው ማን እንደሳለው ብቻ ነው። ይሄ ማጭበርበር ነው ብሎ ሚያልፍ ሰው አለ፣ "ቆንጆ ከሆነ ምን ልዩነት አለው?" ይላል። እኔ እንደሱ አላይም። ሰብሳቢው ገንዘብ ያወጣው ከቨርሜር እጅ ጋር ለመገናኘት ነበር፣ ያ እጅ እዛ ሸራ ላይ ካላረፈ የከፈለበት ነገር የለም።

የኛዋን ጁሊ መህረቱን ውሰድ፣ በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችው። በኖቬምበር 2023 አንድ ስዕሏ ኒውዮርክ ላይ 10.7 ሚሊዮን ዶላር ሄዷል። ፎቶውን አይተው "መስመር መስመር ነው፣ ልጄም ይስላል" ሚሉ አሉ፣ እኔ ፊት ሲሉት ዝም አልልም። ከዛ ዋጋ በፊት በ2005 ትልቁን የማክአርተር ሽልማት አግኝታለች፣ በ2021 የኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም እስከዛ የሰራቻቸውን ስራዎች ሰብስቦ አሳይቷል፣ እያንዳንዱ ስዕል የት እንደተሰቀለ ማን እጅ እንደነበረ ተመዝግቧል። ለድንጋይ ላብራቶሪ የሚሰራውን ስራ ለስዕል ሙዚየሙና መዝገቡ ናቸው ሚሰሩት። የጣሊያናዊው አርቲስት የካተላን ሙዝ ደግሞ አለ፣ ግድግዳ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ እውነተኛ ሙዝ፣ ኖቬምበር 2024 6.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ገዢው ሙዙን በላው፣ ምክንያቱም የገዛው ሙዙን አይደለም፣ ሰርተፍኬቱንና እንዴት እንደሚለጠፍ ሚያሳየውን መመሪያ ነው።

በርግጥ ጨረታ የራሱ ሙቀት አለው፣ ዋጋውን ሚያወጡት አዳራሽ ሙሉ ሰዎች አይደሉም፣ አንድ ነገር የፈለጉ ሁለት ሰዎች ናቸው። የማርሱ ድንጋይ በተሸጠበት በዛው ጨረታ ከ4 እስከ 6 ሚሊዮን ይሄዳል የተባለ የዳይኖሰር አፅም 30.5 ሚሊዮን ገባ። ሁለተኛው ሰው ካልመጣ ደግሞ ይወርዳል፣ የብሪቲሽ ጊያና ባለ አንድ ሳንቲሙ ቴምብር፣ በአለም አንድ ብቻ የቀረው፣ በ2014 ወደ 9.5 ሚሊዮን ተሸጦ በ2021 8.3 ሚሊዮን ነው ያወጣው። ብርቅ መሆን ብቻ ዋጋ አይሆንም። ጠገራ ብራችንን እይ፣ ሁሉም ላይ 1780 ተፅፏል፣ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት አመት ነው፣ ከዛ በኋላ ከመቶ አመት በላይ በስንት ሀገር ሲመታ ያው 1780 ነው ሚፃፍበት፣ እና ብዙ ሰው "የ1780 ነው" ብሎ ሚሊዮን ይጠብቃል፣ አብዛኛው ግን የብሩን ክብደት ዋጋ ነው ሚያወጣው።

አሁን ፋኖሱ። ቡናው ላይ እናትየው ስለ አባትየው ማውራት ሲጀምሩ ተነሱና ከቁምሳጥን ውስጥ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አመጡ። የባቡር ፋኖስ ነው፣ ናስና ቆርቆሮ፣ መስታወቱ ባንድ በኩል ቀይ ባንድ በኩል አረንጓዴ፣ የድርጅቱ ምልክት በፈረንሳይኛ ተመቷል፣ ጋዝ ሚሞላበት ታች ትንሽ ዝጓል። ጡረታ ሲወጡ የስራ ባልደረቦቻቸው ያበረከቱላቸው ነው። የሽኝቱ ደብዳቤ አለ፣ ማህተም ያለው፣ ፋኖሱን ስሙን ጠቅሶ። ፎቶም አለ፣ ወርክሾፑ በር ላይ ሰዎች ተደርድረው፣ አባትየው መሀል ላይ ይሄንኑ ፋኖስ ይዘው። ፋኖሱ እጀታ ላይ አንድ ጥርብ አለ፣ ፎቶው ላይ በማጉያ ስታየው ያው ጥርብ ያው ቦታ ላይ ይታያል። እኔ በዚ ስራ ስኖር እንደዚ አይነት ማስረጃ የተሟላለት እቃ እምብዛም አላየሁም። እንደዚ አይነት ፋኖስ እዚው ድሬ፣ ታይዋን ተራ ሚባለው ገበያ ላይ አሮጌ እቃ መሀል ተጥሎ አይቼ አውቃለሁ፣ በናሱ ኪሎ ነው ሚሸጡት።

ፋኖሱን ስለመሸጥ ልጁ እንዲያስብበት አንድ ቀን አሳደርኩት፣ እናትየውንም "እማማ፣ ካልፈለጉ አይሸጥም፣ ማንም አያስገድድዎትም" አልኳቸው። እሳቸው ናቸው ይሸጥ ያሉት፣ የእቁቡ ብር መመለስ አለበት ብለው። አዲስ አበባ ለማውቀው አንድ ሰብሳቢ ደወልኩ፣ አባቱ እዛው መስመር ላይ ሰርቶ ያለፈ ሰው ነው። ፎቶውን ብቻ ላኩለት፣ ዋጋ አልተናገርኩም። በሳምንቱ ራሱ ድሬ መጣ። ፋኖሱን ከማንሳቱ በፊት ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየው፣ እናትየውን እያንዳንዱ ሰው ማን እንደሆነ ጠየቃቸው፣ እሳቸው እየጠቆሙ ሲነግሩት በስልኩ ቀዳ። አባቱ ፎቶው ላይ የለም፣ ግን ከሰዎቹ አንዱን በስም ያውቀዋል፣ አባቱ ቤት ይመጣ ነበር።

ሁለት አጥኚዎች፣ ኒውማንና ብሉም፣ የታወቁ ሰዎች እቃ የተሸጠባቸውን ጨረታዎች አጥንተው በ2014 አሳትመዋል። የኬኔዲ እቃ ላይ እሱ ነክቶታል ተብሎ የሚገመተው ውድ ነው፣ የአጭበርባሪው ማዶፍ እቃ ላይ ደግሞ እሱ ብዙ የነካው ይረክሳል። ሰው እቃ ላይ የሰው እጅ ቀርቶ ያያል ማለት ነው። እኔ ይሄን ከጥናቱ በፊት ነው ማውቀው፣ ሰውየው ፋኖሱን በእጀታው ሲይዘው ጥርቡ ላይ አውራ ጣቱን አሳርፎ ነበር።

የከፈለው ብር የልጁን እቁብ መልሶ የቤቱን ጣሪያም አስጠግኗል። ከማርስ ድንጋይ ጋር አይወዳደርም፣ ግን ናሱ በኪሎ ከሚያወጣው ጋር ምንም ሚያገናኘው ነገር የለም። የደብዳቤውንና የፎቶውን ኮፒ ቤተሰቡ አስቀርቷል፣ ዋናዎቹ ከፋኖሱ ጋር ሄደዋል፣ ሽያጩም በፅሁፍ ነው፣ ሶስት ምስክር ፈርሞበታል። ገዢው ሀገር ውስጥ ስለሆነ ቀላል ነበር፣ ቅርስ የሆነ ነገር ከሀገር ሲወጣ የቅርስ ባለስልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ በጂቡቲ በኩል በማዳበሪያ ጠቅልሎ የወጣ እቃ ደግሞ ታሪኩ ኬላው ላይ ይቆረጣል፣ ጨዋ ሰብሳቢ አይነካውም፣ ሚነካው በርካሽ ነው ሚወስደው።

ከሰማይ የመጣ የሚመስል ድንጋይ ቤቱ ያለ ሰው ካለ እኔ ምለምነው ይሄን ነው፣ አትስበረው፣ በአሲድ አትጠበው፣ ማግኔት አትለጥፍበት፣ ያገኘህበትን ቦታና ቀን ፃፍ፣ እዛው ሳለ ፎቶ አንሳ፣ ጂኦሎጂ ያለበት ዩኒቨርሲቲ ሂድ፣ ገና ሳይታይ ብር ለሚጠይቅህ አንድ ሳንቲም አትስጥ። በ2009 ሳኡዲ ላይ ሲንገር የልብስ ስፌት መኪና ውስጥ ቀይ ሜርኩሪ ሚባል ውድ ነገር አለ ተብሎ በውሸት ተወርቶ ስንት ሰው እንደተበላ አስታውስ፣ ያ ወሬ ሀረር መኪና ግርግር ቢገባ ስንቱ ልብስ ሰፊ እንጀራውን ፈትቶ ይሸጥ ነበር። ጎረቤታችን ሶማሊያ ኤል አሊ ላይ 15.2 ቶን የሚመዝን የብረት ሜትዮራይት ነበር፣ እረኞቹ በትውልድ ሲያውቁት የኖሩት፣ ቢላ የሳሉበት። ለካናዳ ዩኒቨርሲቲ በተላከ 70 ግራም ቁራጭ ላይ ብቻ በተፈጥሮ ታይተው ማያውቁ ማእድናት ተገኙበት፣ ድንጋዩ ግን ወደ ቻይና ተወስዷል ተብሏል። የኒጀር መንግስትም ድንጋዩ ከተሸጠ በኋላ ነው ምርመራ የጀመረውና የከበሩ ድንጋዮችና የሜትዮራይት ኤክስፖርት ያገደው። እኛ ጋ ከመሸጡ በፊት ቢሆን ነው ምኞቴ።

ደላሎቹ የመጀመሪያውን ብር አልመለሱም፣ ስልካቸው አይሰራም። ልጁ ለፖሊስ አመልክቷል።

ገዢው ከዛ ቤት አንድ ሌላ ነገር አይቷል፣ አባትየው የሰሩበትን ቀን በእጃቸው የፃፉበት የኪስ ደብተር፣ ግማሹ አማርኛ ግማሹ ፈረንሳይኛ። ሁለት ጊዜ ደውሎ ዋጋ ጨምሯል። እናትየው እሱን አልሸጥም ብለዋል፣ ለኔም ድጋሚ እንዳታነሳብኝ ብለውኛል፣ እኔም ለሰውየው ይሄንኑ ነግሬዋለሁ።